የኸቢሩ ካባ

ግንቦት ፲፩ ቀን ፲፰፻፺፫ ዓመተ ምሕረት፣ ጠዋት። በቅሎ አሥራ አንድ፤ ሁሉም በእግራቸው ቆመዋል። ጀርባዋ የተላጠ አንዲት፣ ዳማዋ። ታስሮ ያለቀ ሸክም ሃያ ሁለት። ሰው ሃያ ሦስት፤ ንዳድ ይዞት የተኛ አንድ። ትናንት ከቀትር እስከ ማታ ዝናብ። መንገድ መሪ፣ የለም።

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ አዱኛ። ቆጠራውን ከሰላምታው ያስቀደምኩት አንተን ሳላከብር ቀርቼ አይደለም፤ የማታውቀው ልማዴ አይደለም፣ ጠዋት ጠዋት ሳልቆጥር እጄ ሌላ አይጽፍም። ለመሆኑ እንደምን ከርመሃል? ያ ጉልበትህን የሚይዝህ ቁርጥማት ዘንድሮስ ተወህ? እናታችን እንዴት ናት? ዓይኗ ሰው ይለያል ወይስ አሁንም በድምፅ ነው የምታውቃችሁ? ዳጉሳው ተዘራ? የጎተራውን እህል የጨረሰው ነቀዝ ጠፋ? የጥቁሯ ላም ጥጃ አደገ? አንድ በአንድ እያነሳሁ እናንተን መጠየቅ ለእኔ ቤት እንደመግባት ነው፤ ስለዚህ አትሰልቸኝ። እኔ በአካሌ ደህና ነኝ። በልቤ ግን ከተናደድኩ አንድ ወር ሊሆነኝ ነው፤ የዛሬው ደብዳቤዬም ስለዚሁ ነው።

ይህን የሚያነቡለት መሪጌታ፣ እባክዎን ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ። የአለቃችን የዋጋዬ ቤት ከአጥራችን ማዶ ነው፤ ባለቤቱ ማናለብሽም ጆሮዋ ንቁ ነው።

መልእክትህ ከስድስት ቀን በፊት ደረሰኝ። የላክኸው ሰው እንደነገረኝ፣ ወምበራ ገበያ ላይ የሲራራ ቅፍለት አለቃችን የዋጋዬ ስም ከጨው በላይ ተፈላጊ ሆኗል። ሴቶቹም ወፍጮ ላይ፣ «ዋጋዬ ሲመጣ ዳቡስ ጎደለለት፣ ጌታ መሆኑንም ውሃው አወቀለት» ይላሉ አሉ። ትእዛዝህም አጭር ናት፤ «በቅሎዎቻችን ከዋጋዬ ቅፍለት እንዳይለዩ። እሱ ሲነሳ ተነሣ፣ እሱ ሲሻገር ተሻገር።» ጋሼ፣ አባታችን ካለፈ ወዲህ ቃልህን ጥሼ አላውቅም። እነዚህ አሥራ አንድ በቅሎዎች የቤታችን ጠቅላላ ሀብት መሆናቸውንም አልረሳሁም። እንዲያውም ይህን ስለማልረሳ ነው ቃልህን ከመፈጸሜ በፊት እንድትሰማኝ የምለምንህ። ዋጋዬ ግንቦት ሃያ ቀን እንነሳለን ብሏል።

ስንመጣ የሆነውን ከሥሩ ልንገርህ። ከአባይ ዳር ስንደርስ ሃያ ሦስት ነጋዴ ሃያ ሦስት ሐሳብ ነበረን። አንዱ በላይ በኩል እንሂድ ይላል፣ አንዱ በታች፣ አንዱ ደግሞ ተመልሰን እስከ ጥቅምት እንጠብቅ ይላል። ያን ጊዜ ዋጋዬ ሐምዳን የሚባል የአሶሳ ሰው ፈልጎ አመጣ። ሐምዳን የበርታ ገበሬ ነው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ አንድ ጆሮው የማይሰማ። በእጁ ከሽመል የተቆረጠች፣ በቢላዋ ምልክት ምልክት የተደረገባት ረጅም ዘንግ ይዟል፤ ሌላ ዕቃ አልነበረውም። እሱን ያመጣው ዋጋዬ መሆኑን ጻፍልኝ ብትለኝ እጽፋለሁ፤ ሐሰት አልወድም።

ከአባይ ወዲህ በካማሺ ቆላ ያለውን ዝንብ ታውቀዋለህ፤ የአጎታችንን ስድስት በቅሎ በገንዲ በሽታ የጨረሰው እሱ ነው። ሐምዳን ጎህ ሲቀድ ያስነሳን ነበር፤ ፀሐይ ሞቅ ሳትል ደግሞ ዛፍ ከሌለበት ሜዳ ላይ ያስቆመንና በበቅሎዎቹ ዙሪያ ኩበት ያጨስ ነበር። አንዳንዱ ነጋዴ፣ «በግማሽ ቀን የሚያርፍ መንገደኛ የት አለ፣ ይህ ሰው እንቅልፋም ነው» ይል ነበር። ሐምዳን አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም፤ «ዝንብ አሁን ተነሳች፣ እሱ በላ፣ በቅሎ ሞተች» ይለን ነበር። ሳቅንበት። አንድም በቅሎ ግን አልታመመችም።

ዳቡስ ስንደርስ ወንዙ ቀልቶ ነበር። ሐምዳን ያችን ዘንግ ዳር ላይ ተከላትና ምልክቷን አይቶ፣ «ዛሬ የለም» አለ። በማግስቱም «ዛሬ የለም» አለ። በሦስተኛው ቀን ነጋዴው ጮኸ። ሰማይ ጥቁር ነው፣ ስንቅ እያለቀ ነው፣ ሌላ ማኅበር ደግሞ ከእኛ በታች እየተሻገረ በዓይናችን እናያለን። አንዱ ቀልደኛ፣ «ይህ ሰው ወንዙን ሊያገባት ነው እንዴ የሚጠብቃት? ሽማግሌ እንላክለት» አለ። ሐምዳንም ሰምቶ፣ «እሷ ገና ጠጥቶ አልጨረሰም፣ ሆዷ ሲጎድል ያልፋችኋል» አለ። ሰዎቹ በቅሎ መጫን ሲጀምሩ ዋጋዬ ኮርቻውን አውርዶ መንገዱ መሐል አስቀመጠና ተቀመጠበት። «እኔን ረግጦ የሚያልፍ ይለፍ» አለ። ማንም አልረገጠውም። ቀኑን ሙሉ ተሰድቧል፤ እናቱም ሳትቀር ተሰድባለች፤ አልተነሳም። ማታ ከታች በኩል የተሻገረው ማኅበር አምስት አህያና አንድ ሰው እንደተወሰደበት ሰማን።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ሐምዳን ዘንጓን ነቀለ። እንሻገራለን ብለን ካሰብንበት ሳይሆን ጉማሬ ወጥቶ ከረገጠው ዳር ወሰደን፤ ጉማሬ የሚወጣበት ዳር አይናድም አለ። ሸክሙን ለሁለት ከፈለው። እሱ ፊት ገብቶ ውሃው ደረቱ ላይ እስኪደርስ እየነካካ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ሄደ፣ ተመለሰ። አሥራ ስምንት ጊዜ ቆጠርኩ። የእኛ ዳማ መሐል ላይ ስትደነግጥ በአፏ ይዞ ያወጣት እሱ ነው። ስንጨርስ ከንፈሩ እንደ አመድ ነጥቶ ነበር።

አሁን ወደ ንዴቴ መጣሁ። አሶሳ የገባን ዕለት የገበያው ሹም ሻዕባን ሊቀበለን ወጣ። ሻዕባን ከዝናብ በፊት የመጨረሻውን ቅፍለት በደህና ላስገባ ሰው ካባ የማልበስ ልማድ አለው። ካባውን በእጁ ዘርግቶ በዓረብኛ፣ «ኸቢሩ የት አለ?» ብሎ ጠየቀ። ጋሼ፣ እዚህ ላይ ልብ በል። በዚህ አገር ኸቢር ማለት መንገድ አዋቂ፣ ቅፍለት የሚመራ ሰው ነው። ቃሉ የሚጀምረው ከጉሮሮ በሚወጣው ኸ ነው። ከቢር ሲባል ደግሞ ትልቅ ሰው፣ የበላይ ማለት ነው። ለእኛ ሰው ጆሮ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ «ክቡር» ከሚለውም ቃላችን ጋር ይመሳሰላሉ። ዋጋዬም ክቡሩ የት አለ የተባለ መሰለውና ነጠላውን አስተካክሎ ብቅ አለ። ሻዕባን አለበሰው። ሕዝቡ እልል አለ።

ሐምዳን ከኋላዬ ቆሞ ነበር። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዶ ነበር፤ መልሶ እግሩን ሰበሰበ። አየሁት። እኔ ደግሞ ኩርሙክ ስመላለስ ዓረብኛ ስለለመድኩ በዚያ ቅፍለት ውስጥ አስተርጓሚው እኔ ነኝ። ከእኛ ሰዎች መካከል ኸቢርና ከቢር ሁለት መሆናቸውን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ዝም አልኩ። በሕዝብ ፊት አለቃዬን ላዋርድ? ሹሙንስ ተሳስተሃል ልበል? ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ዝምታ ግን በዚያው ሰዓት ነቀዘ። ዋጋዬ ካባውን እየዳበሰ ወደ ሐምዳን ዞር ብሎ፣ «በል አንተ፣ በቅሎዎቹን አጠጣ» አለው። ሐምዳን አጠጣ። በማግስቱ ከሰፈሩ አጣነው። ዘንጓን እንኳ ረስቶ ሄዷል፤ ወይም ትቷት።

ከዚያ ወዲህ ወሬው በየቀኑ ሥጋ እያወጣ ሄደ። በመጀመሪያው ሳምንት ዋጋዬ፣ «እኔና ሐምዳን ተማክረን» ይል ነበር። በሁለተኛው ሳምንት፣ «አንድ የአገሩ ሰው አብሮኝ ነበር» አለ። አሁን ደግሞ፣ «ኮርቻዬ ላይ ተቀምጬ ውሃውን ሳየው ገባኝ» ይላል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ አልኩ በልቤ። የሚያናድደኝ ግን ውሸቱ አይደለም። ውሸታም ቢሆን ኖሮ አልፈራም ነበር፤ ውሸታም ሰው እውነቱ የት እንዳለች ያውቃል፣ ሲጨንቀው ሄዶ ያነሳታል። ዋጋዬ ግን አምኖታል። አሁን ዳቡስን አውቃለሁ ብሎ የሚያስብ ሰው ነው።

ፊት ለፊት አናገርኩት። «ካባው የሐምዳን ነበር» አልኩት። አልተቆጣም፤ እንደ ታላቅ ወንድም ተመለከተኝና፣ «ፈንታ፣ በቅሎዎቹ ሰጥመው ቢሆን ኖሮ ወምበራ ላይ ማን ነበር የሚረገመው? ሐምዳንን ማን ያውቀዋል? ሚስቴ ውሃ የምትቀዳበትን መንገድ የሚያጣብቡባት እኔን ብለው ነበር። ለእርግማኑ የታጨሁ ሰው ለካባውም እታጫለሁ» አለኝ። ጋሼ፣ ይህን ነገር ሁለት ቀን ሳወጣና ሳወርደው ቆየሁ። እውነት አለበት። ሐምዳን ወንዙን ያውቃል፤ ሃያ ሦስት የተናደደ ነጋዴ ሦስት ቀን ማስቀመጥ ግን አይችልም። ያን ቀን ዋጋዬ ኮርቻው ላይ ባይቀመጥ የሐምዳን ዕውቀት በውሃ ዳር ቀርቶ ነበር። ይህን ለዋጋዬ አልነፍገውም፤ አንተም አትንፈገው። በሦስተኛው ቀን መልሱ መጣልኝ፤ ዋጋዬን፣ «እርግማኑ ላንተ ነበር፣ ውሃው ግን ለሐምዳን ነበር። አሥራ ስምንት ጊዜ የገባው እሱ ነው። አንተ የተቀመጥክበትን ኮርቻ ያህል ካባ ይገባሃል፣ ሙሉውን ግን አይደለም» አልኩት። ሳቀና፣ «ካባ እንደ ሥጋ አይቆረጥም፣ አንዱ ይለብሰዋል» አለኝ።

እኔም ማስረጃ ላምጣ ብዬ ደብተሬን ገለጥኩ። ዕለት ዕለት የምጽፍባትን ታውቃታለህ። የሐምዳንን ሥራ ከነቀኑ አውጥቼ በነጋዴው ፊት ላነብ ነበር። ከአባይ እስከ አሶሳ አንድ በአንድ አየሁ። የዋጋዬ ስም አሥራ ዘጠኝ ቦታ አለ። «ዋጋዬ ከቆላው አወጣን።» «ዋጋዬ ሦስት ቀን አሳደረን።» ወንዙን የተሻገርንበት ቀን በገዛ እጄ የጻፍኩት ቃል ይኸው፤ «ዛሬ ዋጋዬ ዳቡስን አሻገረን። ዳማዋ ደንግጣ ነበር፣ ደህና ናት።» የሐምዳን ስም አንድም ቦታ የለም። ሁለት ቦታ ላይ «መሪው» ይላል፤ ያውም አንደኛው፣ «መሪው ጨው ጠየቀ» የሚል ነው። የዳማዋን ስም ጽፌ በአፏ ይዞ ያወጣትን ሰው ስም አልጻፍኩም። ጋሼ፣ ሰው ሁሉ ካባውን ለዋጋዬ አለበሰ ብዬ ስናደድ፣ ከሻዕባን ቀድሜ ያለበስኩት እኔ ነበርኩ። ያን ቀን ደብተሬን ዘግቼ ምሳ ሳልበላ ዋልኩ።

ያለፈው አልፏል፤ የሚያስጨንቀኝ የግንቦት ሃያው ነው። ዝናቡ ገብቷል። ዋጋዬ፣ «በመጣሁበት እመለሳለሁ፣ ዳሩን አውቀዋለሁ» ይላል። ጉማሬ የረገጠው ዳር በአንድ ጎርፍ ቦታውን እንደሚለውጥ ልጅም ያውቃል። መሪ እንፈልግ ስለው፣ «ካባ የለበሰ ሰው መሪ ሲፈልግ ሻዕባን ምን ይላል?» አለ። ተመልከት እንግዲህ፤ ካባው ሰውየውን ለበሰው። ሐምዳንን ባይጠራ ውሃው ይወስደዋል፣ ቢጠራው ደግሞ ካባው ይወልቃል። ለዚህ ሲባል ሃያ ሦስት ሰው ውሃ ውስጥ ይግባ ማለት ነው። ነጋዴዎቹም እንዳንተው ዘፈኑን ሰምተዋል፤ «ዋጋዬ ካለ ምን አለ» ይሉኛል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ማለት ይህ ነው፤ የእኛ አረም ደግሞ ዳቡስ ውስጥ ነው የሚበቅለው።

ከትናንት በስቲያ ገበያ ላይ የሐምዳንን ሚስት ኸድራን አገኘኋት። ባሚያ ዘርግታ ተቀምጣለች። ሰላም ብዬ፣ ሐምዳን ይምጣልን፣ ግንቦት ሃያ መንገድ አለን አልኳት። ቀና ብላም አላየችኝም። «ኸቢር አላችሁ አይደል? ካባ ለብሶ አይቼዋለሁ፣ ያምራል። እሱ ይምራችሁ» አለች፤ ኸ-ዋንም ከጉሮሮዋ ጎትታ አወጣቻት፣ ገበያው ሁሉ እንዲሰማት። አጠገቧ ያሉት ሴቶች ሳቁ። ቀጠል አድርጋም፣ «ባሌ አሥር ቀን ደረቱን አመመው። የመጣ ሰው አልነበረም። አስተርጓሚ ነህ አሉኝ፤ እስቲ ይህን ለአለቃህ አስተርጉም» አለችኝ። ባሚያ ገዝቼ ተመለስኩ።

ስለዚህ የምለውን ልበል፣ ከዚያ በኋላ ብትቆጣም ተቆጣ። ሐምዳን ፊት ፊት ካልሄደ በቀር አሥራ አንዱን በቅሎ ዳቡስ ውስጥ አላስገባም። ዋጋዬ ብቻውን ቢነሳ እኔ እዚሁ እቀራለሁ፤ በቅሎዎቹም ክረምቱን አሶሳ ያውጡት፣ ከስተው ይቆዩህ እንጂ ጠፍተው አይቆዩህ። ሐምዳን ቢመጣ ደግሞ ዋጋዬም ያስፈልገናል፤ ነጋዴውን የሚያስቆም ሌላ ሰው የለንም። ሁለቱም አንድ ላይ ካልሆኑ ቅፍለት የለም። አንተም ወምበራ ላይ ዘፈኑን አታስቁም፤ አንድ ስንኝ ግን ጨምርበት። የሐምዳን ስም ለዜማ ይመቻል።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልህ ሸክም የሌለው ዋናተኛ ነው። በቅል ከትቼ አፉን በሰም አሽጌዋለሁ፤ ቅሉን ለእናታችን ስጣት።

እናታችንን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ፈንታ በልቶ ያድራል በላት፣ ስለ ወንዙ አትንገራት። ለባለቤትህ ያዘዘችኝን ዶቃ አግኝቻለሁ፣ ቀዩን ሳይሆን ሰማያዊውን፤ ቀዩ ይለቃል። ለልጆችህ ሁሉ በየስማቸው ሰላም በልልኝ፤ ትልቋ ፊደል ጨርሳ ከሆነ የሚቀጥለውን መልስ በእሷ እጅ አጽፈው። የጎረቤታችንን የማናለብሽን ነገር አደራ፤ ባሏ ደህና ነው፣ አልታመመም፣ በልኩም ቢሆን ሊመሰገን የሚገባው ሰው ነው በላት። ከዚህ ያለፈውን እሱ ሲመለስ ራሱ ይንገራት፤ እንዲመለስላትም ነው የምደክመው። መሪጌታንም እጅ ነስቻለሁ።

የሐምዳን ዘንግ የት እንዳለች ዛሬ አወቅሁ። ዋጋዬ ጎጆው ውስጥ አግድም አስሮ ካባውን ሰቅሎባታል።

ወንድምህ ፈንታ፣ ከአሶሳ።

ነገ፦ ጠዋት ሻዕባን ዘንድ መሄድ፣ ኸቢሩ ማን እንደነበር በሕዝቡ ፊት መናገር። ካባውን አውርዶ ዘንጓን መፍታት። ዘንጓን ከቀትር በፊት ሐምዳን ቤት ማድረስ። ለደረቱ ማር መያዝ።